ማርጌሪታን መውጣት፦ በኡጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ ለሚደረግ የተራራ ጉዞ መመሪያ

ከምድር ወገብ ጥቂት በስተሰሜን፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ መካከል፣ ሩዌንዞሪ የተባለ የተራራ ሰንሰለት ይገኛል። የሁለቱ አገሮች ወሰን በሰንሰለቱ አናት ላይ ስለሚያልፍ፣ 5,109 ሜትር ከፍታ ያለው የማርጌሪታ ጫፍ ለኡጋንዳም ለኮንጎም ከፍተኛው ቦታ ነው። በአፍሪካ ደረጃ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ ሦስተኛው ሲሆን፣ ከሁለቱ ይልቅ የሚጎበኘው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በስሜን ወይም በባሌ ተራሮች ላይ ለጥቂት ቀናት በእግር ተጉዞ ለሚያውቅና ከዚያ ከፍ ያለ ጉዞ ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ነው።

የእኛ ደጋ በበጋ ደረቅ ነው። በስሜን የተጓዘ ሰው ተራራን የሚመዝነው በከፍታውና በአቀበቱ ሲሆን፣ ልብሱ ስለሚርስበት ነገር እምብዛም አይጨነቅም። በሩዌንዞሪ ግን ተጓዡን ቀድሞ የሚፈትነው ውኃ ነው፤ ከፍታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከኮንጎ ተፋሰስ የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራውን ስለሚመታ ዝናቡ በ"በጋ" ወራት እንኳ ጨርሶ አይቋረጥም፣ መንገዱም በብዙ ቦታ ጭቃና ረግረግ ነው። ከዚህ በታች የሚሰጠው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ አንድ እውነታ ነው።

አንደኛ፦ ከየት በኩል እንደሚወጡ ይወስኑ

ተራራው የሁለት አገር ቢሆንም የመውጫው መንገድ ከኡጋንዳ በኩል መሆን አለበት። በኮንጎ በኩል ያለው መንገድ የሚነሣው ከሙትዋንጋ አካባቢ ሲሆን የሚያልፈውም በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ የምሥራቅ ኮንጎ የጸጥታ ሁኔታ ግን ለረጅም ዓመታት ሳይረጋጋ የቆየ በመሆኑ ለተጓዥ የሚመከር አይደለም። የኡጋንዳው ወገን በሩዌንዞሪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ይህም ወገን ከወሰኑ ችግር ነጻ ሆኖ አያውቅም፤ በአካባቢው ይንቀሳቀሱ በነበሩ አማፅያን ምክንያት ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ድረስ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ከመቁረጥዎ በፊት፣ ከዚያም ተራራው ሥር ወዳለችው ካሴሴ ከተማ ሲደርሱ እንደገና፣ ስለ ጸጥታው የኡጋንዳን የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ይጠይቁ። የስድስት ወር ወሬ ለወሰን አካባቢ አይበቃም።

በኡጋንዳ ወገን ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። ነባሩ "ማዕከላዊ ዙር" የሚባለው ሲሆን ከንያካሌንጊጃ ተነሥቶ ወደዚያው የሚመለስና ብዙ ጊዜ ሰባት ቀን የሚወስድ ነው። ሁለተኛው በደቡብ በኩል፣ ቀድሞ የመዳብ ማዕድን ይወጣባት ከነበረችው ከኪሌምቤ የሚነሣው ሲሆን፣ ስምንት ቀን ገደማ የሚፈጅና ከፍታውን ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው። በእኔ አስተያየት ቀን የማያጥረው ሰው ኪሌምቤን ቢመርጥ ለሰውነቱ ይሻለዋል። እዚህ በዝርዝር የሚቀርበው ግን ማዕከላዊው ዙር ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሄደው በዚያ በመሆኑና ከዚህ በታች እንደሚታየው አንድ ሌሊት በመጨመር ዋናውን ጉድለቱን ማስተካከል ስለሚቻል ነው።

ሁለተኛ፦ ወሩን ይምረጡ

ዝናቡ የሚቀንስባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ። አንደኛው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ሲሆን ከእኛ በጋ ጋር ይገጥማል፤ ሁለተኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ያለው ነው፤ እኛ ክረምት ገባ ብለን የምንሰበሰብበት ወቅት ለእነርሱ የተሻለው የመውጫ ጊዜ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ሁለቱም ጊዜያት ከዝናብ የጸዱ አይደሉም። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ እንዲሁም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ መሄድ ግን ረግረጉን እጥፍ ድርብ ማድረግ ነው።

የጾም ወቅትንም ያስቡበት። የዓቢይ ጾም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የመጀመሪያው ደረቅ ጊዜ ወደ ማለቁ ሲሆን ነው፤ ፍልሰታም ከሁለተኛው ማብቂያ ጋር ይገናኛል። በጾም መጓዝ የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን ለምግብ አብሳዩ ከመነሻው መነገር አለበት፤ ምክንያቱም በተራራው ላይ የሚዘጋጀው ምግብ በአብዛኛው እንቁላል፣ ሥጋና ወተት ያለበት ነው፤ መንገድ ከተጀመረ በኋላም ስንቅ የሚገዛበት ሱቅ የለም።

ሦስተኛ፦ ሰውነትዎን አገር ቤት ሳሉ ያዘጋጁ

አዲስ አበባ ላይ የሚኖር ሰው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር ከሌላው አገር ተጓዥ የተሻለ መነሻ አለው። ይህ ጥቅም ግን እስከ 3,500 ሜትር ድረስ የሚሰማ እንጂ እስከ ጫፉ የሚያደርስ አይደለም፤ በከፍታ ላይ የሚኖርም ሰው በከፍታ ሕመም ይያዛል፤ በተለይ ደጋ የሚኖር ሰው "እኔን አይነካኝም" ብሎ ምልክቱን ስለሚንቅ አደጋው ሊብስበት ይችላል።

ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድመው በሳምንት ሦስት ቀን አቀበት ይውጡ፤ ለአዲስ አበባ ሰው የእንጦጦ ዳገት በቂ ነው። ጀርባዎ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ኪሎ ይዘው ይውጡ፣ ቁልቁለቱንም በዚያው ሸክም ይውረዱ፤ በሩዌንዞሪ ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጎዳው በመውረጃው ነውና። ከጉዞው በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ ደግሞ በስሜን ተራሮች አራት ወይም አምስት ቀን ተጉዘው ከ4,400 ሜትር በላይ የሆነውን የቧሂትን ጫፍ፣ ከተቻለም ራስ ደጀንን ቢወጡ ሰውነትዎ በከፍታ ላይ እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ። በባሌ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ 4,377 ሜትር፣ በመኪና መውጣት ይቻላል፤ ይህ ግን ሳንባን እንጂ እግርን አያለማምድም፤ እዚያ የሚሄድ ሰው የሳነቴን አምባ በእግሩ ቢያቋርጥ ይመረጣል።

በሳነቴና በስሜን ያዩትን ጅብራ በሩዌንዞሪም ያገኙታል። አስታ፣ ኮሶና አሜጃም እዚያ አሉ፤ አስታው ግን እኛ ከምናውቀው ይልቅ ረጅም ዛፍ ሆኖ፣ ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ በዛፍ ሽበት ተሸፍኖ ይታያል።

አራተኛ፦ ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ውል ይግቡ

ያለ መሪ ወደ ፓርኩ መግባት አይፈቀድም። በማዕከላዊው ዙር የአካባቢው ሕዝብ ማኅበር የሆነው ሩዌንዞሪ ማውንቴኒሪንግ ሰርቪስስ፣ በኪሌምቤ በኩል ደግሞ ሩዌንዞሪ ትሬኪንግ ሰርቪስስ ይሠራሉ። መሪዎቹም ተሸካሚዎቹም በአብዛኛው የባኮንዞ ተወላጆች ናቸው። ለባኮንዞ ይህ ተራራ የአምልኮ ቦታም ነው፤ በረዶውን "ንዙሩሩ" ይሉታል፣ የተራራውም መንፈስ ኪታሳምባ ይባላል። መሪዎ በአንድ ቦታ ላይ ጩኸት እንዳይኖር ወይም ድንጋይ እንዳይወረወር ቢጠይቅዎ ምክንያቱን ሳይከራከሩ ይቀበሉ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ጉዳዮች በጽሑፍ ያስመልሱ። የተጠየቀው ዋጋ የፓርኩን መግቢያ፣ የመሪዎችንና የተሸካሚዎችን ደመወዝ፣ ምግብንና የማረፊያ ጎጆን ያካትታል ወይ? ለአንድ ተጓዥ ስንት ተሸካሚ ይመደባል፣ ለእያንዳንዱስ የሚፈቀደው ሸክም ስንት ኪሎ ነው? በበረዶ ግግሩ ላይ የሚመራዎ ሰው በገመድ አያያዝ የሠለጠነ ነው ወይ? ገመዱ፣ የወገብ መታጠቂያው፣ የራስ ቁሩ፣ የበረዶ መጥረቢያውና በጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ፣ ማለትም ክራምፖኑ፣ በኪራይ ይገኛል ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ ሰው ቢታመም በምን ይወርዳል? የዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ አብዛኛውን ጊዜ "በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ" የሚል ነው። ሄሊኮፕተር በዚያ ደመና ውስጥ በተፈለገበት ሰዓት ይደርሳል ብሎ ማቀድ አይገባም። ስለዚህ የጉዞ መድን ሲገዙ ከ5,000 ሜትር በላይ የሚደረግ የተራራ ጉዞን በግልጽ የሚሸፍን መሆኑን ያረጋግጡ፤ ብዙ ተራ ውሎች ከዚያ በታች ያቆማሉና።

አምስተኛ፦ ሰነድና ጤና

ፓስፖርትዎን፣ ቪዛ የሚጠየቁ ከሆነም ቪዛውን፣ እንዲሁም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ያዘጋጁ። ተራራው የሚገኘው በወሰን ላይ ስለሆነ ፓስፖርቱን በካሴሴ ሆቴል ውስጥ ትተው አይውጡ፤ ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርገው ከራስዎ አይለዩት። ካሴሴ ቆላ ናት፣ ወባም አለ፤ ስለዚህ የወባ መከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

በዚያው ቀጠሮ ስለ አሴታዞላማይድ፣ በገበያ ስሙ ዳያሞክስ ስለሚባለው መድኃኒት፣ ይጠይቁ። ለመከላከያ የሚሰጠው የተለመደ መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል። ሽንት ያበዛል፣ ጣትንም ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት ቤት ሳሉ አንድ ሁለት ቀን ወስደው ሰውነትዎ እንዴት እንደሚቀበለው ማየት ይጠቅማል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር መውሰድ የለበትም።

ስድስተኛ፦ ዕቃ

እዚህ ላይ ጊዜ ሰጥተው ያንብቡ፤ ብዙ ጉዞ የሚበላሸው ከዚህ የተነሣ ነውና።

ጋቢዎን ቤት ይተዉት። በደረቁ ስሜን ሌሊት ከጋቢ የሚበልጥ ልብስ ላይኖር ይችላል፤ ጥጥ ግን ከረጠበ ውኃውን ይይዛል፣ ሙቀትንም ከሰውነት ይነጥቃል፣ በሩዌንዞሪ ደግሞ የረጠበ ጋቢ ለሳምንት አይደርቅም። ከቆዳ የሚያርፈው ልብስ የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ውኃ ፈጽሞ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ ይደረባል። ጂንስ አይያዙ። ሁለት ሙሉ ልብስ ይኑርዎት፦ አንዱ የመንገድ፣ ሁለተኛው የጎጆ። የጎጆው ልብስ በምንም ምክንያት ከጎጆ አይወጣም፤ ጠዋት የረጠበውን የመንገድ ልብስ መልሶ መልበስ የሚያስጨንቅ ቢሆንም፣ ደረቁን ለብሶ ወጥቶ ማታ ደረቅ ልብስ ማጣት ከዚያ እጅግ የከፋ ነው።

ለእግር ዋናው ጫማ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ነው። ውድ የተራራ ጫማ ገዝተው የመጡ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ፤ ነገር ግን መሪዎቹ ራሳቸው የሚሄዱት በላስቲክ ቦት ነው። በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ቦት ገዝተው በውስጡ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያድርጉ፤ ከጉዞው በፊትም ቢያንስ ሦስት ረጅም ቀን በእግርዎ ላይ ይልመዱት። ክራምፖን በላስቲክ ቦት ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማይታሰር፣ ለመጨረሻው የበረዶ ቀን ሶሉ ጠንካራ የሆነ የተራራ ጫማ በተሸካሚ ይላክ። የተከራዩት ክራምፖን በዚያ ጫማ ላይ በትክክል መያዙን ካሴሴ ወይም ንያካሌንጊጃ ሳሉ ያስሩና ይሞክሩት፤ ይህን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በ4,500 ሜትር ከፍታ፣ በደነዘዘ ጣት መሞከር አይገባም።

የመኝታ ከረጢቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ድረስ የሚያስችል ይሁን። ቦርሳውን ከውጭ በሚሸፍን ላስቲክ ብቻ አይመኑ፤ ውስጡን በትልቅ ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ሸፍነው፣ እያንዳንዱን ልብስ ደግሞ ለብቻው በፌስታል ያሰሩ። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ የግንባር ባትሪና መለዋወጫው፣ የበረዶን ነጸብራቅ የሚከላከል ጥቁር መነጽር፣ ሁለት የእግር መንገድ ዘንግ ያስፈልጋሉ። ዘንጉ በረግረጉ ውስጥ ጥልቀት ለመለካትም ያገለግላል።

በስንቅ ረገድ ከማንም የተሻለ ሀብት ያለን እኛ ነን። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና የሽምብራ ቆሎ ቀላል፣ የማይበላሽና በብርድ የማይጠጥር ምግብ ነው፤ በመጨረሻው ሌሊት ሞቅ ባለ ውኃ የተበጠበጠ በሶ ከማንኛውም ቸኮሌት ይልቅ ሆድን ያሳድራል። ለሰባት ቀን ሁለት ኪሎ ገደማ ይያዙ፣ ለመሪዎችዎም ያካፍሉ።

ሰባተኛ፦ ወደ ተራራው ሥር መድረስ

ከአዲስ አበባ ወደ እንቴቤ በአውሮፕላን ከደረሱ በኋላ፣ ከካምፓላ በፎርት ፖርታል በኩል ወደ ካሴሴ ያለው መንገድ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሙሉ ቀን ይያዙለት። ካሴሴ ውስጥ አንድ ሌሊት ያድሩ፤ ጥሬ ገንዘብ በኡጋንዳ ሽልንግ፣ በትንንሽ ኖት፣ እዚያው ያውጡ።

ኢትዮጵያና ኡጋንዳ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ ሰዓትዎን ማስተካከል አያስፈልግዎትም። በሉጋንዳና በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን በሌላው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ መሪዎ "በሦስት ሰዓት እንነሣለን" ሲል የትኛውን ሦስት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ።

ስምንተኛ፦ የቀናት አካሄድ

በመጀመሪያው ቀን በ1,615 ሜትር ላይ በሚገኘው በንያካሌንጊጃ ተመዝግበው፣ በሙቡኩ ወንዝ ሸለቆ እየወጡ በ2,651 ሜትር ላይ ወዳለው የንያቢታባ ጎጆ ይደርሳሉ። አምስት ሰዓት ያህል የሚወስድ ጥቅጥቅ ያለ የደን መንገድ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ቀን ቀላል ሆኖ ስለሚያገኘው መቸኮል ይወዳል፤ አይቸኩሉ።

ሁለተኛው ቀን ረጅም ነው። የቡጁኩና የሙቡኩ ወንዞች ከሚገናኙበት አጠገብ ያለውን ድልድይ ተሻግረው በቀርከሃ ደን ውስጥ ይወጣሉ፤ የቀርከሃው ሥር ከረጠበ ድንጋይ ጋር ተደምሮ በጣም ያንሸራትታል። ሰባት ሰዓት ገደማ ተጉዘው ከ3,400 ሜትር በላይ ወዳለው የጆን ማቴ ጎጆ ይደርሳሉ። ከዚህ በኋላ ውኃ በብዛት፣ በቀን ከሦስት ሊትር ያላነሰ፣ ይጠጡ።

በሦስተኛው ቀን ታችኛውና ላይኛው ቢጎ የሚባሉትን ረግረጎች ያቋርጣሉ። በከፊሉ የእንጨት መረማመጃ ተሠርቶበታል፤ እንጨቱ በተሰበረበት ቦታ ደግሞ ከአንዱ የሣር ጉብታ ወደ ሌላው መርገጥ ያስፈልጋል። ከመዝለል ይልቅ ዘንግ ተመርኩዞ በዝግታ መርገጥ ይሻላል፤ እስከ ጉልበት መስመጥ አያሳፍርም፣ ቁርጭምጭሚት መጠምዘዝ ግን ጉዞውን ያስቀራል። በዙሪያዎ ግዙፍ ጅብራዎች ቆመው ያያሉ። ማታ በ3,962 ሜትር ላይ ያለው የቡጁኩ ጎጆ ይደርሳሉ፤ ዙሪያውን ስታንሊ፣ ስፔክና ቤከር የተባሉት ተራሮች ከበውታል።

እዚህ ቡጁኩ ላይ አንድ ሌሊት ይጨምሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የሚመከር ሲሆን፣ የተለመደው ፕሮግራም ግን በሁለት ተከታታይ ቀናት ይህን ልክ ይነካል ወይም ያልፋል፤ ከጆን ማቴ ወደ ቡጁኩ ወደ 500 ሜትር፣ ከቡጁኩ ወደ ኤሌና ደግሞ 579 ሜትር ነው። በትርፉ ቀን ከጎጆው በላይ ጥቂት መቶ ሜትር ወጥተው ተመልሰው ያድሩ። ድርጅቱ ለዚህ ቀን ተጨማሪ ዋጋ ይጠይቃል፤ በጠቅላላው ጉዞ ከሚያወጡት ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚጠቅም የለም ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ያለው ቀን አጭር ግን ቀጥ ያለ ነው። በግዙፍ የሴኔሲዮ ዛፎች መካከል የሚያልፈውን ገደላማ መውጫ ወጥተው፣ ከስኮት ኤሊዮት መተላለፊያ አጠገብ ታጥፈው፣ በድንጋይ ላይ ወደ ተሠራው የኤሌና ጎጆ፣ ወደ 4,541 ሜትር፣ ይደርሳሉ። ከሰዓት በኋላ ምንም አይሥሩ። ምሳ ይብሉ፣ የነገውን ልብስ ከመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ያድርጉ፣ ጫማና ክራምፖኑን እንደገና ይሞክሩ፣ ከጨለመም ይተኙ።

ዘጠነኛ፦ የጫፉ ሌሊት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይነሣል። መሪው ፊት ሆኖ፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ታስረው፣ መጀመሪያ ድንጋዩን ከዚያም የስታንሊን የበረዶ ሜዳ ያቋርጣሉ። ቀጥሎ ወደ ማርጌሪታ የበረዶ ግግር ይደርሳሉ፤ ይህ ዳገቱ የበረታበትና ከሁሉ የሚያደክመው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ አሌክሳንድራ በተባለው ጎረቤት ጫፍና በማርጌሪታ መካከል ባለው ሸንተረር በኩል፣ የመጨረሻውን ድንጋያማ ቦታ ወጥተው ጫፉ ላይ ይደርሳሉ።

ይህን መንገድ የሚገልጽ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ይህም ጨምሮ፣ ቶሎ ያረጃል። ጫፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የአብሩትሲው መስፍን ሉዊጂ አሜዴኦ ሲሆን፣ የደረሰውም እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1906 ነበር፤ ስሙንም ያወጣው በኢጣሊያዊቷ ንግሥት በማርጌሪታ ነው። ባለቤቷ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ጦሩ ዓድዋ ላይ ሲሸነፍ በዙፋን ላይ የነበረው ንጉሥ ስለሆነ፣ ይህ ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በመስፍኑ ጊዜ ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ የነበረው የሩዌንዞሪ በረዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ ልኬት 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶ ተገኝቷል፤ ከዚያም ወዲህ መቅለጡ አልቆመም። በተግባር ይህ ማለት ቀድሞ በበረዶ ላይ ይታለፍ የነበረው ቦታ ዛሬ እርቃኑን የቀረ አለት ሆኗል፤ በዚያ ላይ መሰላልና ቋሚ ገመድ ተደርጓል፤ የበረዶው ጠርዝና ስንጥቁም ከዓመት ዓመት ቦታ ይለውጣል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት መሪዎን "በዚህ ወር ስንት ጊዜ ወጥተሃል? ስንጥቁ ያለው የት ነው?" ብለው ይጠይቁት። ቋሚውን ገመድ በእጅ ብቻ አይመኑት፤ የወገብ መታጠቂያዎን በእርሱ ላይ ያያይዙ።

የመመለሻ ሰዓት አስቀድመው ይወስኑ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ካልደረሱ፣ የትም ይሁኑ የት፣ ይመለሱ፤ ከረፋዱ በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ በረዶውም ይላላል፣ የቀረው የመውረጃ መንገድ ደግሞ ገና ረጅም ነው። ይህን ውሳኔ ኤሌና ላይ፣ በደረቅ ልብስና በረጋ አእምሮ፣ ከመሪዎ ጋር ተስማምተው ያጽኑት፤ ጫፉ በሁለት መቶ ሜትር ርቀት እየታየ አዲስ ውሳኔ መወሰን ለማንም ይከብዳል።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ አንድ እግርዎ ኡጋንዳ ሌላው ኮንጎ ሊሆን ይችላል። በወጡበት መንገድ ይውረዱ፤ በምዕራብ በኩል ያለው ቁልቁለት የሌላ አገር መሬት ነው፣ በዚያ በኩል የጠፋን ሰው የሚፈልግለት አካልም ቅርብ የለም። ሰማዩ ከጠራ ግን አንድ አፍታ ቆመው ወደ ሁለቱም ወገን ይመልከቱ። በምዕራብ የሚወርደው ውኃ በሴምሊኪ ወንዝ፣ በምሥራቅ የሚወርደውም በጆርጅና በኤድዋርድ ሐይቆች በኩል ዞሮ ወደዚያው ሴምሊኪ፣ ከዚያም ወደ አልበርት ሐይቅ ይገባል፤ ሁሉም ነጭ ዓባይ ሆኖ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል። ወሰኑ አገሮቹን ይከፍላል እንጂ ውኃውን አይከፍልም።

ሰው ሲታመም

ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም መነሻ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ የታዩበት ሰው ባለበት ይደር፤ እስኪሻለው ድረስ ወደ ላይ አይሂድ። አርፎ ተቀምጦ ሳለ የሚያቃትተው፣ አረፋ ያለበት ሳል የሚያስለው፣ ወይም ከንፈሩ የሚጠቁርበት ሰው ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ንግግሩ የተዘባረቀበት ወይም ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ፊት እያደረገ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው ሰው ደግሞ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሳይነጋ ሊገድሉ ይችላሉ። መድኃኒታቸው መውረድ ነው፤ ቢጨልምም፣ ቢዘንብም፣ ጠዋት ሳይጠበቅ።

በየት በኩል እንደሚወረድ ግን ማሰብ ያስፈልጋል። ከኤሌና ወደ ኪታንዳራ ጎጆ መውረድ ይቻላል፤ ከኪታንዳራ ለመውጣት ግን በ4,282 ሜትር ላይ ያለውን የፍሬሽፊልድ መተላለፊያ እንደገና መውጣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ የታመመ ሰው በመጣበት በቡጁኩ በኩል ይውረድ፤ ያ መንገድ ከቡጁኩ እስከ ጆን ማቴ፣ ከዚያም እስከ ንያቢታባ በአብዛኛው ወደ ታች ይወስዳል።

ከከፍታ ሕመም ይልቅ ቀድሞ የሚያጋጥመው ግን ብርድ ነው። የረጠበ ሰው መንቀጥቀጡን ትቶ ዝም ካለ፣ መሰናከልና መሳሳት ከጀመረ፣ ወዲያው ያቁሙት፤ የረጠበውን ልብስ አውልቀው ደረቅ ያልብሱት፣ በመኝታ ከረጢት ውስጥ አስገብተው ነቅቶ ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ያጠጡት። ተሸካሚዎቹንም ይመልከቱ፤ እርስዎ ሦስት ልብስ ደርበው ሳለ ከእነርሱ አንዱ በአንድ ስስ ሹራብ ሊሆን ይችላል።

አሥረኛ፦ መውረድ

ጤነኛ ተጓዥ ከጫፉ ተመልሶ፣ ኤሌና ላይ በልቶ፣ በዚያው ቀን ወደ ኪታንዳራ ሐይቆች፣ ወደ 4,023 ሜትር፣ ይወርዳል። ከአሥር ሰዓት በላይ የሚፈጅ ቀን ስለሆነ የግንባር ባትሪዎን ከእጅ ቦርሳዎ አያውጡ። በማግስቱ ፍሬሽፊልድን ወጥተው ወደ ጋይ ዮማን ጎጆ፣ ወደ 3,261 ሜትር፣ የሚወርደው መንገድ በረጠበ አለትና በጥልቅ ጭቃ የተሞላ ነው፤ ከጠቅላላው ዙር ብዙ ሰው የሚወድቅበትም በዚህ ነው። ወደ አለቱ ፊትዎን አዙረው፣ ሦስት የሰውነት ክፍል ሁልጊዜ መሬት እንደያዘ፣ በዝግታ ይውረዱ። ከዚያ በኋላ በንያቢታባ በኩል ወደ ንያካሌንጊጃ መመለስ ብቻ ይቀራል።

በሩ ላይ ስምዎን ከመዝገቡ ያስሰርዙ፤ ሳያስሰርዙ የሄዱ እንደሆነ ፈላጊ ሊላክ ይችላል። ለተሸካሚዎችና ለመሪዎች የሚሰጡትን ጉርሻ በአንድ ሰው እጅ ሰጥተው "አካፍል" ከማለት ይልቅ፣ ካሴሴ ላይ ባዘጋጁት ትንንሽ ኖት ለእያንዳንዱ በእጁ ይስጡ። ሊተዉት የሚችሉት ደረቅ ካልሲ፣ ጓንት ወይም ሹራብ ካለ፣ አስቀድመው ማን እንደሚያስፈልገው መሪዎን ጠይቀው ለዚያ ሰው ያስረክቡ።